የጥር 23 ፈረሰኞችና የገበሬው ጓዳ

አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ፣ አባ ቃኘው። እነዚህን ስሞች ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አባ ታጠቅ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ አባ ዳኘው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ አባ ነጋ ራስ አሉላ፣ አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ቃኘው ደግሞ ራስ መኮንን ናቸው። ስሞቹ ግን አስቀድሞ የፈረሶቹ ነበሩ። በአገራችን ልማድ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። ለዚያ ፈረስ ገብስ የዘራለት፣ ድርቆሽ ያጨደለት፣ ከውርንጭላነቱ አሳድጎ ለኮርቻ ያበቃው ገበሬ ግን ስሙ ብዙም አይነሣም።

ይህን የተዘነጋ ድርሻ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አደባባይ የሚያወጣ በዓል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይባላል። ስለ በዓሉ ድምቀት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ብዙ ተብሏል። በዓሉ ከገበሬው ጓዳ ምን እንደሚወስድና ለጓዳው ምን እንደሚመልስ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ይህኛው ጥያቄ ነው።

የማኅበሩ አመሠራረት

የነገሩ መነሻ ዐድዋ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ሲዘምቱ በአገሪቱ ባቡርም ሆነ መኪና አልነበረም። ስንቁ፣ ድንኳኑና ጥይቱ የተጓጓዘው በሰው ትከሻ፣ በበቅሎ፣ በአህያና በፈረስ ጀርባ ነው። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ሲዘምት የአገው ምድር ፈረሰኞችም አብረው ተጉዘዋል። ውጊያው የተካሄደው የካቲት 23 ቀን ሲሆን ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነበር፤ ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። የፈረሰኞቹ በዓል በወሩ 23ኛ ቀን የሚውለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ዘመኑን ልብ ይሏል። በዚያ ዓመት ጠላት ከአገር አልወጣም ነበር። የኢጣሊያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሸሸው በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። ስለዚህ የዐድዋን ፈረሶች ለመዘከር የተሰባሰቡት አባቶች ማኅበር የጠጡት ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ተረጋግተው ሳይሆን አርበኞች በየጫካው ባሉበት ሰዓት ነው። ያለፈውን ድል እንዘክር ማለት በዚያ ወቅት ስለ መጪውም ጊዜ መናገር እንደነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

ሰባት ቤት አገው የሚለው መጠሪያ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል ተብለው ከሚታወቁት ሰባት ወንድማማቾች የመጣ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ማኅበሩም ያንን ዝምድና ተከትሎ በየወረዳውና በየቀበሌው ተስፋፋ። ባለፉት ዓመታት ሲገለጽ እንደቆየው የአባላቱ ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማድረግ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። ከዚያ በኋላ በየሥርዓቱ ሕጉ እየተቀያየረ መጥቶ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985 ወጥቷል። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከመጀመሪያው ድንጋጌ በ21 ዓመት ይቀድማል። በደርግ ጊዜ በግዴታ የተቋቋሙት የአምራቾች ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲፈርሱ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ማንም ያላስገደደው የፈረሰኞች ማኅበር ግን 80ኛ ዓመቱን በጥር 2012 ዓ.ም. አክብሯል። ልዩነቱ የገንዘብ ብዛት አይደለም። አባሉ የሚገባው በራሱ ፈረስ፣ በራሱ ፈቃድ ነው፤ ማኅበሩም የሚፈለገው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃል፤ ለቅሶ ሲሆን ፈረሰኛው ወጥቶ ሟችን በክብር ይሸኛል፤ በሠርግም ሙሽራውን ያጅባል።

ፈረስ በገበሬው ሒሳብ

በአዊ ደጋ ማረሻ የሚስበው በሬ ብቻ አይደለም። ፈረስም ይጠመዳል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ሲያይ ይገረማል፤ ለአካባቢው ገበሬ ግን የተለመደ ነው። ፈረስ ከበሬ ይፈጥናል። ድንችና ገብስ ወደ ገበያ ይጭናል፤ ጋሪ ይጎትታል፤ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል።

ይሁን እንጂ በፈረስና በበሬ መካከል አንድ ትልቅ የሒሳብ ልዩነት አለ። በሬ ሲያረጅ ይደልባል፤ ሥጋውና ቆዳው ይሸጣል፤ ገበሬው ያወጣውን መልሶ ያገኛል። ፈረስ ግን በአገራችን አይበላም። ያረጀ ፈረስ ገበያ የለውም። ባለቤቱ ከፈረሱ የሚያገኘው በጉልበቱ ዘመን ያገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ የፈረሱን የሥራ ዘመን ዋጋ የሚጨምር ማናቸውም ነገር ለገበሬው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የጥር 23 በዓል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለጉግስ የሠለጠነ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ በሶምሶማ የሚሄድ፣ በሽርጥ ከሕዝብ ፊት የማይደነብር ፈረስ ከጋሪ ፈረስ ጋር እኩል አይሸጥም። ጉግስ እንደሚታወቀው ቀላል ጨዋታ አይደለም። አሳዳጁ ዱላውን ይወረውራል፤ ተሳዳጁ በጋሻው ይመክታል ወይም በኮርቻው ላይ ዝቅ ብሎ ያሳልፋል፤ ይህ ሁሉ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ነው። ፈረሱም ጋላቢውም ለዚህ የሚበቁት በብዙ ወራት ልምምድ ነው። ልምምዱ ጥበብ ነው፤ ጥበቡም በገበያ ዋጋ ያወጣል። ጎበዝ አሠልጣኝ የሆነ ገበሬ ከእህሉና ከከብቱ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሀብት አለው ማለት ነው።

ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ፈረሱ ጥር 23 አምሮ እንዲታይ ከመስከረም ጀምሮ መቀለብ አለበት። ገብሱ ከቤተሰብ ጎተራ ይወጣል። ቆዳው ላይ እብጠትና ቁስል የሚያወጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው በሽታ በተለይ በወይና ደጋ የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል፤ አንዴ ከሥር ከሰደደ ማዳኑ አድካሚ ነው። ኮርቻው ያልተስተካከለ ከሆነ ጀርባው ይላጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ባለ ፈረሱ ብቻ ነው። የበዓሉን ተመልካች የሚያስተናግደው ሆቴል ለፈረሱ አንድ ቁና ገብስ አያዋጣም።

በዓሉ ለማን ያበላል?

በጥር 23 ሰሞን እንጅባራ ይሞላል። ፈረሰኛው ከየወረዳው ይገባል፤ ቤተሰቡ ይከተላል፤ እንግዳ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ይመጣል። አልጋ ይያዛል፤ ምግብ ቤት ይጨናነቃል፤ የትራንስፖርት ባለንብረቶች ጥሩ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ለከተማው ጥቅም መሆኑ አያከራክርም። ለገጠሩ የሚደርሰውን ለማወቅ ግን እንግዳው ያወጣው ብር በስንት እጅ እንደሚያልፍና መጨረሻው የት እንደሆነ መከታተል ያስፈልጋል።

አንድ እንግዳ በከተማው ያደረውን ብር በምሳሌ እንውሰድ። የበላው ክትፎ ከአካባቢው በሬ፣ ቅቤውም ከአካባቢው ላም ከሆነ ብሩ ወደ ገጠር ይመለሳል። የጠጣው ጠላ ከሆነ ገብሱና ጌሾው የገበሬው ነው፤ ጠማቂዋም ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ የምታስተዳድር የከተማ እናት ናት። የጠጣው ቢራ ወይም ለስላሳ ከሆነ አብዛኛው ገንዘብ በጭነት መኪናው ተመልሶ ከዞኑ ይወጣል። ለማስታወሻ የገዛው ማር ከሆነ ገንዘቡ ከንብ አርቢው ደጃፍ ይደርሳል። ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ጌጥ ከሆነ ለዞኑ የሚተርፈው የቸርቻሪው ትርፍ ብቻ ነው። እንግዳው አንድ፣ ብሩም አንድ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ እንደ ዕቃው ይለያያል።

ስለዚህ ስንት ሰው መጣ የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ባለሥልጣኖቻችን በሪፖርት ላይ የእንግዳ ቁጥር መጥቀስ ይወዳሉ። ከቁጥሩ ጎን የተሸጠው ማር፣ ቅቤ፣ በግና ገብስ ስንት እንደሆነ ቢጻፍ ለአርሶ አደሩ ተጠቃሚነት የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። ይህን መመዝገብ ደግሞ ከማንም በላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ይቀላል፤ ሚዛኑም ደረሰኙም በእጃቸው ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የተረሳው የዕደ ጥበብ ባለሙያው ነው። የፈረሱ ጌጥ ከየት ይመጣል? ልጓሙንና እርካቡን የሠራው ብረት ሠሪው ነው። ኮርቻውን የጠረበው አናጢ፣ በቆዳ የለበጠው የቆዳ ሙያተኛ፣ ግላሱን የጠለፈው ባለ መርፌ፣ የጋላቢውን ጥበብና ጋቢ የሠራው ሸማኔ ነው። እነዚህ ሰዎች በአባቶቻችን ዘመን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ጋብቻ ሲከለከሉ፣ መሬት ሲነፈጉ ኖረዋል። የሠሩትን ኮርቻ በኩራት የተቀመጠበት ሰው ራሱ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። የዚህ ክፉ ልማድ ዋጋ ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ ልጆቻቸው ሙያውን ሸሹት፤ ስለሆነም የቆዳው ጌጥ በናይሎን ክርና በላስቲክ እየተተካ ይገኛል። በበዓሉ ዕለት ፈረሱ ከሩቅ ሲያዩት ያው ያማረ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የጌጡ ብር ከአካባቢው ቆዳ ሙያተኛ ኪስ ወጥቶ ወደ ሩቅ ፋብሪካ መሄዱ ይታያል።

ከጃፓን አንድ መንደር

ሕዝባዊ የጥበብ በዓል ብዙ ተመልካች እየሳበ ለባለ መሬቱ ግን ጥቂት ሲያተርፍ የታየው በእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ጃፓን አኦሞሪ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኢናካዳቴ የምትባል 8,000 ያህል ነዋሪ ያላት የገበሬዎች መንደር አለች። ኑሮዋ ሩዝና ፖም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በመንደሯ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የጥንት የሩዝ ማሳ በቁፋሮ ተገኘ። መንደሯም በዚህ ታሪክ እንግዳ ለመሳብ እ.ኤ.አ. በ1993 አዲስ ዘዴ ጀመረች፤ የቅጠላቸው ቀለም የተለያየ የሩዝ ዝርያዎችን በአንድ ማሳ ላይ በመልክ በመልኩ ተክላ ማሳውን ሥዕል አደረገችው። ሐምራዊውና ቢጫው የጥንት ዝርያ ነው፤ አረንጓዴው ገበሬው ለምግብ የሚያመርተው የአካባቢው ሩዝ ነው። ችግኙ ግንቦት ማብቂያ ላይ ይተከላል፤ ሥዕሉ በሐምሌና በነሐሴ ይደምቃል፤ በመኸር ይታጨዳል።

መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ቀላል ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት ያህል አንድ ተራራ ብቻ ደጋግመው ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሞና ሊዛን ቢተክሉ ከማማ ላይ ሲታይ ሴትየዋ ወፍራም ሆና ተገኘች። ማሳው ከሩቅ ሲታይ እንደሚጠብ አላሰሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኬቱን በኮምፒዩተር እየሠሩ ሥዕሉ እጅግ አማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ300,000 በላይ ሰው መጥቶ አየ። ለ8,000 ሰው መንደር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሚያድርበት በቂ አልጋ ስላልነበረ ተመልካቹ ከማማው ላይ አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ በመጣበት ይመለስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መግቢያውም በነጻ ነበር። ገቢ ለማግኘት ሲባል እ.ኤ.አ. በ2008 የድርጅቶች የማስታወቂያ ምልክት በማሳው ላይ በሩዝ ተተከለ። የማሳው ባለቤት ተቃወሙ፤ ሙግት ተነሥቶ ምልክቱ በቡቃያው ተነቀለ። መንደሯ በኋላ መጠነኛ የመግቢያ ክፍያ ጀመረች፤ ሁለተኛ ማሳም የአካባቢው ምርት ከሚሸጥበት የመንገድ ዳር ገበያ አጠገብ አዘጋጀች። ተመልካቹ ሥዕሉን ሲያይ ሱቁ አጠገቡ ነው። መሬቱ የማን ነው፣ ውሳኔው የማን ነው፣ ገቢው የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች በዚያች መንደር የተነሡት በዓሉ ከገነነ በኋላ ነበርና መልሱ ጠብ አስከተለ። በእኛ አገር ጊዜው ገና አላለፈም።

መዝገብና ሰላም

የኢትዮጵያ በዓላት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ እየሰፈሩ መጥተዋል። መስቀል በ2006፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ የገዳ ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀት በ2012፣ የሐረር ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። የአገው ፈረሰኞች በዓልም እንዲመዘገብ በየመድረኩ ሲነሣ ቆይቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም መመዝገብ ስም ያስጠራል እንጂ በራሱ ለፈረስ ገብስ አያቀርብም። የተመዘገበ በዓልም ቢሆን ፈረሱን የሚቀልበው ሰው ከተሰላቸ ይጠፋል።

ሌላው ጉዳይ ሰላም ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በላሊበላና በጎንደር በቱሪስት የሚተዳደረውን ሕዝብ ምን እንዳደረሰበት ሁሉም ያውቃል። አስጎብኚው ሥራ ፈትቷል፤ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀንሷል። የፈረሰኞቹ በዓል በዚህ ረገድ አንድ ብርታት አለው። የቆመው ከውጭ በሚመጣ እንግዳ ላይ ሳይሆን በአባላቱ ላይ ነው። እንግዳ ቢቀርም ፈረሰኛው አለ። ይህ ማለት ግን ችግሩ አይነካውም ማለት አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋ ማሩም ድንቹም ጎተራ ውስጥ ይቀራል፤ የእንስሳት መድኃኒትም አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ሥጋት ግን ከወዲያ ነው። በብዙ የክልሉ ከተሞች ጋሪን ባጃጅ እየተካው ነው። ለተሳፋሪው ጥሩ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። በሬ ያለው ገበሬም ትራክተር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ፈረስ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ሲያጣ ባለቤቱ ለአንድ ቀን በዓል ብሎ ዓመቱን ሙሉ አይቀልበውም። የጥር 23 ድምቀት የቆመው በሌሎቹ ቀናት ሥራ ላይ ነው። ይህ ሥራ ከቀነሰ በዓሉ ለፈረሱ የሚከፍለው ድርሻ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ አለዚያ ጥቂት ባለጸጎች ፈረስ አከራይተው የሚያሳዩት ትርኢት ይሆናል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊሠሩት የሚችሉት እዚህ ላይ ይመጣል። ዩኒየኖች ለአባሎቻቸው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያቀርቡ የኖሩበት መንገድ ለመኖም ይሠራል። ማርና ቅቤ በማኅበር ታሽጎ የአምራቹ ቀበሌ ስም ተጽፎበት በበዓሉ ሜዳ አጠገብ ቢቀርብ ደላላ አይገባበትም። የኮርቻና የልጓም ሥራ የሚያውቁ አዛውንት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ ከእነሱ ጋር ማገናኘት ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ለሙያው የነበረውን ንቀት ከልብ ማውጣት ነው። የፈረስ ሕክምና ዘመቻ ደግሞ ከበዓሉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በኅዳር ቢካሄድ በሽታ የያዘው ፈረስ ከሺህ ፈረሶች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይለያል። ይህ ለበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከድንኳንና ከድምፅ ማጉያ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

መኖውን በተመለከተ ጊዜው አጭር ነው። አጃና ቪች ተቀላቅለው የሚዘሩት ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ውስጥ ነው፤ ሲያብቡ ታጭደው ደርቀው ለጥር ይደርሳሉ። መሠረታዊ ማኅበራቱ የፈረስ ባለቤት አባሎቻቸውን ቁጥር በየቀበሌው አጣርተው የዘር ፍላጎታቸውን ለዩኒየናቸው ከመጋቢት መጨረሻ በፊት ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።